ስድስት ክንድ ዓመፃ

ሰው በሰባ ሦስት ዓመቱ አዲስ ነገር ይማራል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ዓይን ደክሞ፣ ጉልበት ተይዞ፣ ከእንግዲህ ምን ይገባል እል ነበር። ባለፈው ጥር ግን ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ የተማርኩትን ዕድሜ ልኬን አልተማርኩትም። አሁንም ሳወራው ልቤ ይዘላል። ቀስ ብዬ ላጫውታችሁ፤ ብቸኩል ይበላሽብኛል።

አገሬ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሲሄዱ፣ ከገሳይ ከፍ ብሎ የጉና ብርድ የሚወርድበት ደጋ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ድንች እናበቅላለን። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ከቄስ ዘንድ ንባብ ለየሁ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ መጻፍ ጨመርኩበት፣ አበቃ። ሰው የሚያውቀኝ በሌላ ነው። አባት ሞቶ ልጆች መሬት ሲካፈሉ፣ ጎረቤት በወሰን ሲጣላ «አያ ካሴን ጥሩ» ይባላል። አርባ ዓመት ለካሁ። መለኪያዬ ከአባቴ የወረስኩት የበሬ ቆዳ ጠፍር ነው፤ ርዝመቱ ሃያ ክንድ። «ካሴ አዳላ» የተባለበት አንድ ቀን የለም። ይህን ስናገር ደረቴ ይነፋ ነበር፤ አልደብቃችሁም።

ወጋችን እንዲህ ነው። ለኪው መሬቱን እኩል ይከፍላል፣ ወሰን ድንጋይ ይተክላል። ከዚያ ማን የትኛውን ይውሰድ የሚለውን ዕጣ ይለየዋል። ወራሾቹ አንዱ እንጨት አንዱ ጠጠር ለሽማግሌ በድብቅ ይሰጣሉ፤ የማን መሆኑን ያላየ ሰው አንዱን ወደ ላይኛው፣ አንዱን ወደ ታችኛው መሬት ይጥላል። የወደቀ ወደቀ፤ የእግዜር ነው ይባላል፣ ማንም አያጉረመርምም።

ጎረቤቴ ፈንቴ በክረምቱ ዐርፎ ነበር። የተዋቸው ሁለት ልጆች ናቸው። ወንዱ ስማቸው አባቱን እስከ መቃብር ጦሮ፣ መሬቱን ሲያርስ የኖረ ነው። ሴቷ ይታይሽ ሰባት ዓመት ኩዌት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ አሁን ደብረ ታቦር ልብስ እየሰፋች የምትኖር ናት። ሐሳቧ ግን አገሯ መግባት ነበር። የፖም ችግኝና የድንች ዘር ላፈላ ነው ትላለች። ለዚህ ደግሞ ውኃ ያስፈልጋል። የፈንቴ እርሻ ከላይ ወደ ታች የረዘመ ሲሆን፣ ወገቡ አካባቢ በበጋም የማትደርቅ ትንሽ ምንጭ አለች።

«ሴት ልጅ፣ ያውም አረብ አገር የከረመች፣ መሬት ምን ይሠራላታል?» የሚሉ ነበሩ። ሕጉ ይገባታል ስላለ ግን ስማቸውም አልተከራከረም። «እኩል ይከፈል እንጂ ሌላ ምን እላለሁ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ወጣን። እኔ፣ መሪጌታውና ሌላ አንድ ሽማግሌ ነን። ስማቸው የጠፍሩን ጫፍ ይዞ ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ እቆጥራለሁ። ጠፍሩ በርጥቡ ሣር ላይ እየተጎተተ ሙሉውን እርሻ ከታች እስከ ላይ ለካን። ልክ ዐሥራ ሁለት ጠፍር ሆነ።

«ዐሥራ ሁለት! እንዲህ ነው እንጂ ሲገጥም!» አለ መሪጌታው። «ለአንዱ ስድስት፣ ለአንዱ ስድስት። ፈንቴ ሲሞትም ነገር አላበዛ።»

ተሳሳቅን። ጠፍሩን አጥር ላይ ሰቅለን ገባንና ቆሎ እየቆረጠምን ጠላ ጠጣን፣ የሟቹን ደግነት አነሳን፣ ጨዋታው ረዘመ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ተመልሰን ከታች ስድስት ጠፍር ቆጠርንና ድንጋዩን ተከልን። የላይኛውን ማንም አልለካውም። ከዐሥራ ሁለት ስድስት ሲነሣ ስድስት ይቀራል፤ ምኑ ይለካል?

ምንጯ ከድንጋዩ አራት ክንድ ያህል ወደ ላይ ቀረች። ዕጣው ሲጣል የስማቸው እንጨት ወደ ላይ፣ የይታይሽ ጠጠር ወደ ታች ወደቀ። ይታይሽ ምንጯን አየቻት፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጃችንን ሳመች። ወረቀቱ ላይ ሦስታችን ፈረምን። ስማቸው ሰኞ ደብረ ታቦር መሬት ጽሕፈት ቤት ወስዶ ሊያስመዘግበው፣ ይታይሽም እዚያው ልትፈርም ተስማማን። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ያ ነገር ያለቀለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ይታይሽ በር ላይ ጠበቀችኝ። በነጠላዋ ሥር ጥጉ የተበላ ወፍራም መጽሐፍ ይዛለች።

«ምንድነው እሱ? ድርሳን ነው?» አልኳት።

«የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው፣ አያ ካሴ። ኩዌት አብራኝ የምትሠራ ማሪሳ የምትባል የፊሊፒንስ ልጅ ነበረች። ስንለያይ ሰጠችኝ። ሌሊቱን ሳገላብጠው ነው ያደርኩት።»

«ሌላ እንቅልፍ የሚነሣ ነገር አጥተሽ?»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን ፊቷ ላይ አልቆየም። «ማሪሳ ስትጸልይ አንድ ቃል ትደጋግም ነበር። ኢኒኩዊቲ ትላለች። ትርጉሙ ዓመፃ፣ ግፍ፣ ትልቅ ክፋት ነው። እኔ ስሰማው ነፍስ መግደል፣ ቤት ማቃጠል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የቃሉን ሥር አሳየችኝ። እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ነው ያገኙት፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ከጥንቱ የሮም ሰዎች ቋንቋ፣ ከላቲን። በላቲን ኤኩስ ማለት ደልዳላ፣ እኩል ማለት ነው። ውኃ ቢያፈሱበት ወዲህም ወዲያም የማያዘነብል ሜዳ ይበሉት። ከፊቱ 'ኢን' ሲገባ 'ያልሆነ' ያሰኘዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ክፋት ከሥሩ ሲታይ እኩል አለመሆን ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ደም የለበትም?»

«የለበትም።»

«ሰይጣንስ?»

«ሰይጣንም የለበትም፣ አያ ካሴ። እኩል ያልሆነ ነገር ብቻ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ባሕር ማዶ ያሉ፣ አፈሬን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ክፋትን ሲሰይሙ የኔን ሥራ ይዘው ተነሡ! እኛስ ክፉውን ጠማማ፣ ደጉን ቀና አይደል የምንለው? እነሱ ደልዳላውንና ያልደለደለውን ወስደውታል። «በይ ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። እንደ ልጅ ከአፏ እየተቀበልኩ «ኢኒኩዊቲ፣ ኢኒኩዊቲ» አልኩ። አጠገባችን የሚያልፉ ሴቶች ምን ነካው ብለው አዩኝ።

ይታይሽ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። «ትናንት ከሄዳችሁ በኋላ በእርምጃዬ ቆጠርኩት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የኔው ሰባ ስድስት እርምጃ ነው። የስማቸው ሰማንያ አራት።»

ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። «ታዲያ ክፉ ሠራህ ልትይኝ ነው ይህን ሁሉ ላቲንና ፈረንሳይ ያዞርሽኝ?»

«ኧረ አያ ካሴ! አንቱ ምን ክፉ ሠሩ? ወንድሜስ ምን ሠራ? ማንም ምንም አልሠራም። ለዚህ እኮ ነው ቃሉ እንቅልፍ የነሣኝ። ክፉ ሰው ሳይኖርበትም ክፋት ይኖራል ማለት ነው።»

«የሴት እርምጃ መለኪያ አይሆንም!» ብያት ትቻት ሄድኩ። አርባ ዓመት ስሜን ይዤ ቆይቼ በአንዲት ልጅ እርምጃ ላጣው? ቁጥሯ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ቤት ገብቼ እንጀራ ቀረበ፤ አልበላ አለኝ። ሰባ ስድስት፣ ሰማንያ አራት። ቆጠራዬን መረመርኩ፤ አልተሳሳትኩም። ተነሥቼ ጠፍሩን ከግድግዳ አወረድኩ። ደርቆ እንጨት ሆኗል። ግቢ አውጥቼ አንዱን ጫፍ ከበሩ መቃን አሰርኩና ወጥሬ፣ የደረሰበት ላይ ችካል መታሁ። ከዚያ ጠፍሩን ሰብስቤ የከብት ውኃ ገንዳ ውስጥ ነከርኩት። ለምን እንደነከርኩት እንኳ በደንብ አላወቅኩም ነበር። የቅዳሜው ውርጭ፣ ያ ርጥብ ሣር፣ በሐሳቤ ይመላለስብኛል።

ባለቤቴ እታገኝ ወጥታ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ምሳህን ትተህ ጠፍር ትቀቅላለህ?»

«ዝም በይና ጫፉን ያዥልኝ።»

በበሩ መቃን በኩል ያዘች፤ እኔ ወጠርኩ። ችካሉ ጋ ደረስኩ። ጠፍሩ ይሳባል። ችካሉን አለፍኩ፤ አሁንም ይሳባል። ሲቆም በክንዴ ለካሁት። ከችካሉ አንድ ሙሉ ክንድ አልፏል!

«እታገኝ! ረዘመ! ረዘመ እኮ!»

«ታዲያ አይረዝም?» አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ርጥብ ቆዳ አይደለም? አልጋ ስንጠፍር ጠፍሩን ነክረን የምንወጥረው ሲደርቅ እንዲኮማተርልን አይደል? ይህችን አልጋ ራስህ ጠፍረሃት ሠላሳ ዓመት ተኝተህባታል።»

አያችሁ? የማላውቀው ነገር አልነበረም። አልጋ ላይ አውቀዋለሁ፤ እርሻ ላይ ረሳሁት። ጠዋት ሙሉውን መሬት በረዘመ ጠፍር ለካሁ። ቀትር ላይ የይታይሽን ግማሽ በደረቀ፣ ባጠረ ጠፍር ቆጠርኩ። በየጠፍሩ አንድ ክንድ፣ በስድስት ጠፍር ስድስት ክንድ። ምንጯ ከድንጋዩ አራት ክንድ ብቻ ነበረች። የይታይሽ ነበረች ማለት ነው! ፍርሃትም ደስታም ያዘኝ። የተደበቀ ነገር ሲገለጥ እንዴት እንደሚያሰክር የደረሰበት ያውቀዋል።

ወዲያው ስማቸው ቤት ሄድኩ፤ የለም። ወረቀቱን ይዞ ከቀትር በኋላ ደብረ ታቦር ወርዷል፣ ዘመድ ቤት አድሮ በጠዋት ይሰለፋል አሉኝ።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ርጥቡን ጠፍር ከነውኃው ባልዲ ውስጥ አድርጌ ገሳይ ወረድኩ። ሰው በወሬ እንደማያምነኝ አውቃለሁ፤ በዓይኑ ይየው ብዬ ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ነበር። ረዳቱ ባልዲውን አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አባባ፣ እባብ ነው እንዴ የያዙት?»

«ከእባብ ይብሳል ልጄ፣ አስገባኝ።»

ተሳፋሪው ሳቀ፣ ተጠጋግቶ አስቀመጠኝ። አንዲት ሴትዮ ቀሚሷን ሰብስባ «ውኃው እንዳይደፋብኝ» እያለች ገሳይን እስክንለቅ አጉረመረመች። መንገድ ላይ ድንች የጫኑ አህዮች አስፋልቱን ሞልተውት ቆምን። ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ አህዮቹ ጆሯቸውንም አያንቀሳቅሱ። ፀሐይ ወጣች። ቢሮው ይከፈታል። ስማቸው ሁለተኛ ይሆን ሦስተኛ? ማኅተሙ ሲያርፍ ይታየኝ ጀመር። «ልውረድና ልሩጥ» አልኩ። «አባባ፣ ከአህያዎቹ ይቀድማሉ ብለው ነው?» አለኝ ረዳቱ። መንገዱ ሲከፈት «እልል በሉ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ሰዎቹም እውነት እልል አሉ።

ቢሮው ግቢ ስደርስ ስማቸው መስኮቱ ላይ ነው። ወረቀቱን እየዘረጋ ነው። እኅቱ አጠገቡ ቆማለች።

«ስማቸው! እጅህን መልስ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ስማቸው ባልዲዬን አየ፣ ፊቴን አየ። «አያ ካሴ፣ ምነው በደኅና? ሰው ሞተ?»

«ስለካ ተሳስቻለሁ። ያ ወረቀት ልክ አይደለም።»

ወደ ይታይሽ ዞርኩ። «አንቺስ እያወቅሽ ልትፈርሚ መጣሽ?»

ዓይኗ ውኃ ሞላ። «የአባቴ ተዝካር ሳይወጣ ከወንድሜ ልጣላ? ይቅር ብዬ ነው።»

ያኔ ነው ይበልጥ የጋልኩት። ጠፍሩን አውጥቼ ሁለት ጎረምሶች ወጠሩልኝ፤ ጠዋት የተለካበት ይህ ነው አልኩ። ከዚያ ሲደርቅ የት ድረስ እንደሚሰበሰብ መሬት ላይ አሰመርኩ። የአልጋውንም ነገር ነገርኳቸው። «እውነታቸውን ነው!» አለ አንድ ገበሬ ከሰልፉ መካከል፤ «እኔም ቤት አለ የጠፍር አልጋ!» ግቢው ተንጫጫ። የጽሕፈት ቤቱ ልጅ እንኳ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

ስማቸው ግን ፊቱ ጠቆረ። «አያ ካሴ፣ አባቴን የጦርኩት እኔ፣ ያረስኩት እኔ። እኩል ይከፈል ስትሉኝ እሺ አልኩ። ዕጣ ጣሉ፣ ዕጣው ወጣ። ዕጣ የእግዜር ነው ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም? አሁን እግዜር ተሳሳተ ልትሉኝ ነው?»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔም እንዲህ መለስኩለት፦ «ዕጣው የእግዜር ነው፤ አልነካውም። ላይኛው ያንተ፣ ታችኛው የእሷ። ጠፍሩ ግን የኔ ነው። የኔን ስሕተት በእግዜር አላሳብብም። ቅዳሜ ሳላውቅ ነው የሠራሁት፣ ማንም አይጠይቀኝም። አሁን አውቄ ዝም ብል ግን ልጄ፣ ዓመፀኛው እኔ ነኝ።»

«ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊርማዬን አንሥቻለሁ ካሉ ወረቀቱን አልቀበልም» አለ የመስኮቱ ልጅ።

«አንሥቻለሁ።»

ስማቸው ወረቀቱን ጨምድዶ ኪሱ ከተተ። ከግቢው ወጣ። አበቃ፣ ወንድምና እኅት አጣላሁ ብዬ ደንዝዤ ቆምኩ። ይታይሽ ክንዴን ያዘችኝ። ትንሽ ቆይቶ ስማቸው ከሱቅ ተመለሰ። እጁ ላይ አዲስ ናይሎን ገመድ አለ።

«ይህ አይረዝምም፣ አያጥርም ብሎኛል ባለሱቁ» አለ፣ ሳያየኝ። «እውነት ካልሆነ ግን አያ ካሴ፣ በአደባባይ አዋረዱኝ፤ ይቅር አልልዎም።»

ከሰዓት እርሻው ላይ ነበርን። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ግማሹ ቀዬ ወጥቷል። መሪጌታው ገመዱን አንዴ ይዳስሳል፣ አንዴ እኔን ያያል። ሙሉውን ለካን፣ ገመዱ ላይ ምልክት እያደረግን ግማሹን አወጣን፣ ከታች ተነሥተን እስከ ግማሹ ሄድን። የገመዱ ራስ ስማቸው እጅ ላይ ነው። ድንጋዩን አለፈው። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ... ሰው ሁሉ ይቆጥር ጀመር። አራት! ስማቸው ምንጯ ውስጥ ቆሟል፣ ውኃው ጫማው ውስጥ ገብቷል። ስድስት ላይ ገመዱ ቆመ።

ስማቸው ከምንጯ በላይ ቆሞ እኅቱን አያት። ከዚያ ወርዶ ድንጋዩን ብቻውን ነቀለ፣ አቅፎ ወጣ፣ ከምንጯ በላይ ተከለው። እጁን እያራገፈ «ከብቶቼስ?» አላት።

«ከብቶችህን መቼ ከለከልኩ፣ ወንድምዓለም!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳልደብቅ አለቀስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጨዋታው እዚህ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ያን ቀን ማታ ተኝቼ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አርባ ዓመት! ስንቱን እርሻ ጠዋት ጀምሬ ቀትር ጨረስኩ? ክፉ ሰው ሆኜ አላውቅም ብዬ እምል ነበር፤ አሁንም እምላለሁ። ግን ሰው ደግ ሆኖ፣ ጾሞ ጸልዮ፣ እጁ ያልደለደለ ነገር ትቶ ሊሄድ ይችላል። እናንተም መምህር ሁኑ፣ ዳኛ ሁኑ፣ ለልጆቻችሁ ወጥ የምትጨልፉ ሁኑ፣ «አላዳላሁም» ብላችሁ ብቻ አትተኙ። ተመልሳችሁ ለኩት። እኔ ሐሳቤን ሳይሆን ሥራዬን መመርመር የጀመርኩት በሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እናንተ ገና ልጆች ናችሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ተናገርኩ፦ «በኔ እጅ የተካፈላችሁ ሁሉ፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ መጥቼ እንደገና እለካለሁ።» አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ «ሽማግሌው ጃጀ» አለ። ሦስት ቤት ግን እንድመጣ ጠየቁኝ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ስማቸው ናይሎን ገመዱን በትከሻው አንግቦ በሬ ላይ ቆሟል።

«ብቻዎን ሊወጥሩት ነው?» አለኝ።

መጀመሪያ በሄድንበት ቤት፣ ከጠራን ሰው ጋር መሬት የተካፈለው ወንድሙ ገና ስንደርስ ይጮህብን ጀመር። ከሃያ ዓመት በላይ የቆመውን ድንጋይ ዛሬ ልትነቅሉብኝ ነው፣ ሰላማችንን ልትነሡን ነው አለ። ስማቸው ግን ፈገግ ብሎ የገመዱን ጫፍ ዘረጋለት።

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር» አለው። «በል ያዝ።»